አያ ገዳሙ ያልነቀነቁት የለም

እግዚአብሔር ለየመንደሩ አንድ ጠበል፣ አንድ ዋርካና አንድ ነቅናቂ ሰጥቶታል። ጠበል የሌለው መንደር አይቼ አውቃለሁ። ዋርካው የተቆረጠበትም አለ። ነቅናቂ የሌለው መንደር ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ነቅናቂ ስል ሕዝብ የሚያሳድመውን ማለቴ አይደለም። ወንበር ስትሰጡት፣ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ጨብጦ ወዲህና ወዲያ የሚወዘውዘውን ሰው ማለቴ ነው። «ግባ» ስትሉት ከመግባቱ በፊት መቃኑን በትከሻው የሚሞክረውን። አዲስ ያሠራችሁትን አልጋ ስታሳዩት «ያማረ ነው» ከማለቱ በፊት እግሩን ይዞ የሚስበውን። ከሳበው በኋላ ቀና ይላል። ፊቱ ላይ ሐዘንና ደስታ እኩል ይታያሉ። ከዚያ አንዲት ቃል ይናገራል፦ «ይነቃነቃል።»

የእኛን መንደር ነቅናቂ ማዕረጋቸውን ሳላጎድል ልጥራቸው፦ ሊቀ ነቅናቂያን አያ ገዳሙ። መንደራችን ከደብረ ኤልያስ ወረድ ብላ፣ ከመኪና መንገዱ በአንድ ሸለቆ ተለይታ ያለች ናት። በዚህች መንደር ውስጥ አያ ገዳሙ ያልነቀነቁት ምሰሶ፣ ያልወዘወዙት አጥር፣ ያልፈተኑት የእህል ጎታ የለም። ረጅም ናቸው፤ ቀጭን ናቸው፤ ሲራመዱ ራሳቸው ትንሽ ይነቃነቃሉ። ይህን ግን ደፍሮ የነገራቸው ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ጥርሱን የታመመ ጎረቤታችን አፉን ከፍቶ አሳያቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ያልፍ ነበር። አያ ገዳሙ ሁለት ጣታቸውን ሰደዱ። ሲጀምሩ ጥርሱ አይነቃነቅም ነበር። ሲጨርሱ ይነቃነቅ ነበር።

ሌላ ጊዜ በሠርግ ዳስ ውስጥ ሙሽራው ሊገባ ሲል የመካከለኛውን ምሰሶ ተጠራጠሩ። እስኪያረጋግጡ ወዘወዙት። ዳሱ በዕድምተኛው ላይ ሲወርድ፣ ከቅጠሉ ሥር የተሰማው የመጀመሪያ ድምፅ የእሳቸው ነበር፦ «ብያለሁ።»

ወደ ደምበጫ በአውቶቡስ ሲሄዱ ፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር እየነቀነቁ ነው የሚሄዱት። ወንበሩ ላይ ሰው መኖሩ ለእሳቸው ምንም ማለት አይደለም። የደብራችን ቄስ አባ አካለ ወልድ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱን በዓለት ላይ ስለ ሠራው ልባም ሰው ሲያስተምሩ፣ አያ ገዳሙ እጃቸውን ቀስ ብለው መጽሐፉ ወደ ተቀመጠበት ጠረጴዛ እግር ሲሰዱ አዩአቸው። አባ ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ፣ ድምፃቸውንም ሳይለውጡ፣ «ገዳሙ፣ ዓለቱን ተወው» አሉ።

አያ ገዳሙ ችግሩን አግኝተው ዝም ቢሉ ጥሩ ነበር። መፍትሔም አላቸው። የኮታቸው ኪስ በቆዳ ቁራጭ፣ በካርቶን ቅዳጅ፣ በቆርቆሮ ስንጣሪና በጎማ ልጣጭ የተሞላ ነው። እጀታው የተሰነጠቀ አንድ ካቻቢቴም ከዚያው አይጠፋም። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ካገኙ ከኪሳቸው አንዱን መዝዘው ከእግሩ ሥር ይሸጉጣሉ። የሸጎጡት ነገር እሳቸው ከበር እስኪወጡ ድረስ ይቆያል። ከወጡ በኋላ ጠረጴዛው ከቀድሞው ብሶበት ይገኛል።

በዚህ ሁሉ ዘመን «አይነቃነቅም» የምትል ቃል ከአፋቸው ስትወጣ የሰማ ሰው አልነበረም። ሸጉጠው ሲያበቁ እንኳ የሚሉት «አሁን ትንሽ ነው የሚነቃነቀው» ነበር።

በመንደሩ ውስጥ እጃቸው ያላረፈበት አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። የአምሳ አለቃ እንዳላማው ጠመንጃ።

አምሳ አለቃ ብዙ ዓመት በወታደርነት ያገለገሉ፣ ሲራመዱም ሲቀመጡም ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጠመንጃቸው ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር ነው። ታናሽ ወንድማቸው በደቡብ በኩል አዳኞችን እየመራ ሲሠራ ኖሮ ሲመለስ፣ ሩቁን የሚያቀርብ የጠመንጃ መነጽር አመጣላቸው። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ብረት ሠራተኛ ከጠመንጃው ጀርባ ላይ ዝርግ ብረት ገጠመለት፤ በብረቱ ላይ ሁለት ቀለበት አቆመ፤ መነጽሩ በሁለቱ ቀለበት ውስጥ ገብቶ በትንንሽ ብሎን ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው በአምሳ አለቃ ቤት ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ ይታይ ነበር።

አያ ገዳሙ ያን ጠመንጃ የሚያዩት ጾመኛ የበግ ወጥ ሲሸተው እንደሚያይ ነው። አንድ ቀን ጨዋታ መሃል እጃቸውን ዘረጉ።

«ገዳሙ» አሉ አምሳ አለቃ፣ «እጅህን ወደ ኪስህ መልሰው። ኪስህ ውስጥ የምትነቀንቀው አታጣም።»

በእኛ አገር የሰው ጠመንጃ ሳይፈቀድ አይነካም። የሰውን ጠመንጃ «ይነቃነቃል» ማለትማ ቃሉን፣ ትዳሩንና የአባቱን አጥንት ይነቃነቃል እንደ ማለት ነው። አያ ገዳሙም እጃቸውን መለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ግድግዳው አጠገብ ሲቀመጡ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ብቻቸውን ይንቀሳቀሱ ነበር።

አሁን ወደ 1995 ዓ.ም. ኅዳር ሃያ ልምጣ። የጽዮን ማርያም ዋዜማ ነው። ሞባይል የሚባል ነገር መንደራችን ገና አልደረሰም።

በማለዳ አንድ ጅብ ታየ። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ከታየ ወይ ተርቧል ወይ አብዷል ይባላል። ይህኛው የተራበ አልነበረም። የነከሳትን አህያ ሳይበላ ትቷት ሄዷል። ጦር ይዞ የወጣበትን ጎልማሳ ክንዱን ነክሶት፣ ሰውዬው ለመርፌ ወደ ደብረ ማርቆስ ተወስዷል። ጅቡ እየተንገዳገደ ወደ ሸለቆው ወረደና፣ ከግንድ ድልድዩ አጠገብ ባለ የቀጋ ቁጥቋጦ ሥር ተኛ። አፉ አረፋ ነበረው። አንዳንዴ ብድግ ብሎ ቁጥቋጦውን ራሱን ይነክሳል።

በዚያ ድልድይ ላይ ከቀትር በኋላ የምታልፍ አንዲት ልጅ ነበረች። የእኔ ልጅ አይናዲስ ናት።

አይናዲስ ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበር። «ለጽዮን ማርያም ኅዳር ሃያ ከሰዓት እመጣለሁ» ብላ በገበያተኛ ልካብናለች። ከመኪና ወርዳ ማዶውን ተረተር ትሻገራለች፤ ጠመዝማዛውን መንገድ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ድልድዩን ትረግጣለች። በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ቀጋውን እንጂ ከቀጋው ሥር ያለውን አያይም። ታናሽ ወንድሜን በፈረስ በላይኛው መሻገሪያ በኩል ልኬዋለሁ። ነገር ግን በዚያ የሚሄድ ሰው ተራራውን ዞሮ ነው የሚደርስ። ብንጮህም ነፋሱ ከማዶ ወደ እኛ ስለሚነፍስ ጩኸታችን ለእኛው ይመለሳል።

የመንደሩ ታጣቂዎች ለስብሰባ ወረዳ ሄደው ነበር። የቀሩት አምሳ አለቃ ብቻ ናቸው። ከሸለቆው አፋፍ ላይ ካለው የድንጋይ ካብ ጠመንጃቸውን አስደግፈው በደረታቸው ተኙ። አባ አካለ ወልድ መስቀላቸውን ይዘው ከኋላቸው ቆሙ። አያ ገዳሙም ነበሩ። እኔ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር፤ የትኛው ቀን ላይ እንደ ደረስኩ ግን አላውቅም።

አምሳ አለቃ ተኮሱ። ከጅቡ በስተግራ አቧራ ተነሣ። ጅቡ ጭንቅላቱን አነሣና መልሶ ተኛ።

«ጥይቱ ያረጀ ነው» አሉ አምሳ አለቃ።

ደግመው ተኮሱ። አሁን ድንጋይ የተፈነከተው በስተቀኝ ነው፤ ያውም ከፍ ብሎ። ጅቡ ተነሣ። ወደ ድልድዩ አፍ ሄደና ግንዱን አሸተተ። ሁላችንም የፈራነው አንድ ነገር ነው። ተኩሱ ካስበረገገው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ማዶ፣ ልጄ ወደምትወርድበት መንገድ ይሄዳል። ደግነቱ ዞረና ተንገዳግዶ ከቀጋው ሥር ወደቀ።

አምሳ አለቃ ግንባራቸውን ጠረጉ። ሦስተኛውን ጥይት አጎረሱና ጣታቸውን ከምላጩ አራቁ።

«እንዳላማው» አሉ አያ ገዳሙ፣ በጣም ቀስ ብለው። «እስቲ ልንካው።»

«ምኑን?»

«እሱን።»

«ገዳሙ፣ ዛሬ የጨዋታ ቀን አይደለም።»

«አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። የሳትከው አንተ ብትሆን በአንድ ወገን በሳትክ ነበር።»

«እና ማነው የሳተው?»

 የአያ ገዳሙ ጣቶች በአየር ላይ ወዲህና ወዲያ አሉ።

«ያቺን ቃል እንዳትናገራት» አሉ አምሳ አለቃ። «በእግዜር፣ በአባቴ ጠመንጃ ላይ እንዳትናገራት።»

አባ አካለ ወልድ ጎንበስ አሉ። «እንዳላማው፣ ልጅቱ መንገድ ላይ ናት።»

አምሳ አለቃ ዞረው እኔን አዩኝ።   ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጥይቱን አወጡ፤ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው፣ ለአያ ገዳሙ ሰጧቸው።

አያ ገዳሙ ይህን ቀን ስንት ዘመን ጠብቀውታል። ሲመጣላቸው ግን ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም። ካቡ ሥር ቁጭ ብለው ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ከሰደፉ ጀመሩ። ጸና። ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበትን ያዙ። ጸና። መነጽሩ የቆመበትን ዝርግ ብረት በአውራ ጣታቸው ገፉ። ያም ጸና። አምሳ አለቃ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከዚያ አያ ገዳሙ ቀለበቶቹን ትተው መነጽሩን ራሱን በሁለት ጣት ያዙና ቀስ አድርገው ጠመዘዙት።

መነጽሩ በቀለበቶቹ ውስጥ ዞረ። ወደ ፊት ገፋ ሲያደርጉትም ተንሸራተተ።

«ይነቃነቃል» አሉ። በሹክሹክታ ነው ያሉት።

«ሊሆን አይችልም» አሉ አምሳ አለቃ። «ብሎኖቹን ጠዋት በእጄ አጥብቄያቸዋለሁ።»

«እንደገና ይጥበቁ።»

አያ ገዳሙ ያቺን ካቻቢቴ ከኪሳቸው አወጡና፣ የቀለበቱን ብሎን ባላቸው ጉልበት ሁሉ አዞሩት። ጥርሳቸውን ነክሰው አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ፤ ከዚያ «ቅጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የብሎኑ ጥርስ ተበላ። ብሎኑ ከእንግዲህ ያለ ሥራ የሚዞር ብሎን ሆነ።

«ገደልከኝ» አሉ አምሳ አለቃ።

«አንዱ ነው።»

«ያለኝ አራት ነው፣ ገዳሙ።»

መነጽሩ አሁንም ይዞራል። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት አያ ገዳሙን ጠላኋቸው። ዳሱ፣ ጥርሱ፣ የጠረጴዛው እግር ሁሉ በዓይኔ መጣ። እኚህ ሰው የነኩት ነገር መቼ ድኖ ያውቃል አልኩ በልቤ። ማዶውን ተረተር አየሁ። ገና ባዶ ነው።

አያ ገዳሙ ግን እጃቸውን እያዩ ነበር። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አፋተጉ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ሊልሱት ሲሉ ጾም መሆኑ ትዝ አላቸውና ተዉት።

«ቅቤ ነው» አሉ።

ሁላችንም ወደ አምሳ አለቃ ዞርን።

«ነገ ንግሥ ነው» አሉ አምሳ አለቃ። አንገታቸው ቀልቷል። «ጠመንጃ ሳይቀባ ታቦት ያጅባል?»

«ቀለበቱ ውስጥም ነው?» አሉ አያ ገዳሙ።

«ፈትቼ ነው የቀባሁት። እኔ ስቀባ ግማሽ ነው የምቀባው?» ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ቤት ውስጥ ቅቤው ተጠራቀመ። ነቢያት ገብቷል። ማን ይበላዋል?»

ማንም አልሳቀም። የሚያስቅም አልነበረም። የእኛ አገር ሰው ለበዓል ራሱን ይቀባል፣ የፈረሱን ጋማ ይቀባል፣ ጠመንጃውን ይቀባል። እኔ ጠመንጃ የለኝም እንጂ ቢኖረኝ እቀባው ነበር፤ ጾም ገብቶ ቅቤ ከተረፈማ እጥፍ አድርጌ። ቅቤው በቀለበትና በመነጽር መካከል ገባ፤ የቀትር ፀሐይ አቀለጠው፤ ጠመንጃው በተኮሰ ቁጥር መነጽሩ በቅቤ ላይ ይንሸራተታል። አምሳ አለቃ ጅቡን ያዩበት የነበረው ዓይን ራሱ ቦታውን እየለቀቀ ነበር።

«ምን ያስለቅቀዋል?» አሉ አባ።

«አረቄ» አሉ አምሳ አለቃና አያ ገዳሙ እኩል። በሕይወታቸው የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል።

ቤቴ ቅርብ ነው፤ ሮጥኩ። ባለቤቴ ወለተ ማርያም ለንግሡ ያወጣችው አረቄ ነበር።

«ልጄ መንገድ ላይ ናት፤ እናንተ አረቄ ትጠይቃላችሁ?»

«ለጠመንጃው ነው።»

«ጠመንጃውም ጀመረ?» አለች። ነገር ግን ጠርሙሱን ለእኔ አልሰጠችኝም፤ ራሷ ይዛ ከፊቴ ሮጠች። ካቡ ጋ ስትደርስ ለበዓሉ የገዛችውን ነጠላ ጫፍ በጥርሷ ይዛ ተረተረችና፣ አረቄ አርከፍክፋ ለአምሳ አለቃ ሰጠች።

ቀለበቶቹን ፈቱ። መነጽሩን በነጠላው ወለወሉት፤ የቀለበቶቹን ውስጥ ወለወሉ፤ ደግመው በአዲስ ጫፍ ወለወሉ። አያ ገዳሙ ጣታቸውን አሻሹበትና አሸተቱ። «ገና አለ» አሉ። እንደገና ተወለወለ። «አሁን አረቄ ብቻ ነው የሚሸተው።»

ጥርሱ የተበላው ብሎን ግን አለ። ያንን ቀለበት በአንድ ብሎን ብቻ ሲያስሩት በወዲያኛው በኩል ክፍተት ቀረ። አያ ገዳሙ ኪሳቸውን በካቡ ላይ ዘረገፉት። ካርቶኑን አዩና ተዉት። ጎማውን አዩና ተዉት። ቆርቆሮውን በጣታቸው ዳሰው ተዉት። ከሁሉ ሥር አንዲት ስስ የበግ ቆዳ አገኙ፤ ከአሮጌ የዳዊት ማኅደር የተረፈች ትመስላለች። በጩቤ ቀጥ አድርገው ቆረጧትና በቀለበቱ ሆድ ውስጥ አነጠፏት።

«አንተ ያዝ» አሉ አምሳ አለቃ። «የማጠብቀው እኔ ነኝ። አንተ ብሎን አይሰጥህም።»

አያ ገዳሙ ያዙ። አምሳ አለቃ አንዱን ብሎን ጥቂት አዞሩ፤ ተዉት፤ ሌላውን ጥቂት አዞሩ፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ቆዳዋ ተጨምቃ ጠርዟ በቀለበቱ ከንፈር ብቅ አለ።

ከዚያ የአምሳ አለቃ ወታደርነት መጣ። መነጽሩ ቦታውን ስለ ለወጠ እንደገና ከአፈሙዙ ጋር መስማማት አለበት፤ ለሙከራ መተኮስ ደግሞ አይቻልም። የኋላውን መዝጊያ መዘው አወጡ። ጠመንጃውን በድንጋይ አስደግፈው፣ በባዶው ቱቦ ውስጥ አሾልከው ማዶ ያለ አንድ ነጭ ድንጋይ ተመለከቱ። ድንጋዩ በቱቦው መሃል ሲቆምላቸው፣ ጠመንጃውን ሳይነኩ በመነጽሩ አዩና የመነጽሩን መዘውር ጥቂት ጥቂት አዞሩ፤ መስቀለኛው መስመር በዚያው ድንጋይ ላይ እስኪያርፍ። በቱቦው ያያሉ፤ በመነጽሩ ያያሉ። በቱቦው፤ በመነጽሩ።

ወለተ ማርያም ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ አለች።  ወደ ማዶ ስታይ ነበርና እኔም አየሁ።

በተረተሩ ላይ አንዲት ነጭ ነገር ታየች። ቦርሳ ይዛለች። አረማመዷን የሚያውቅ ሰው ከዚያ በላይ ርቀት ላይም ያውቃታል።

«መጣች» አልኩ። ሌላ ሰው የተናገረ መሰለኝ።

አምሳ አለቃ መዝጊያውን መለሱ፤ ጥይት አጎረሱ። ጅቡ እንደ ሰማ ሁሉ ብድግ አለ። ወደ ድልድዩ ሁለት እርምጃ ቀረበና ቆመ። አይናዲስ ጠመዝማዛውን ጀመረች፤ ከአንዱ ቋጥኝ ኋላ ተሰወረች፤ እንደገና ታየች።

አምሳ አለቃ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደገፉ።  ከዚያ ያደረጉትን እስክሞት አልረሳውም። ዓይናቸውን ከመነጽሩ አንሥተው ጠመንጃውን ወደ ጎን ዘረጉት፤ ወደ አያ ገዳሙ።

«ነቅንቅልኝ» አሉ።

አያ ገዳሙ ተንበረከኩ። መነጽሩን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ወደ ግራ ሞከሩ። ወደ ቀኝ ሞከሩ። ወደ ፊት ገፉ፤ ወደ ኋላ ሳቡ። የቆዳዋን ጠርዝ በጥፍራቸው ነኩ። እንደገና ያዙት፤ አሁን በሙሉ መዳፍ፤ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። እኛ የምናያቸው ከንፈራቸውን ነበር። አያ ገዳሙ ዋሽተው አያውቁም። ሰርግ ላይ አልዋሹም፣ ለቅሶ ላይ አልዋሹም፣ የሰው አዲስ አልጋ ላይ አልዋሹም። ያቺን ቃል ከተናገሩ ጥይቱ አይተኮስም።

እጃቸውን አነሡ።

«አይነቃነቅም» አሉ።

አባ አካለ ወልድ አማተቡ። አምሳ አለቃ ጠመንጃውን መለሱ፤ ጉንጫቸውን አስጠጉ፤ ተነፈሱና ትንፋሻቸውን ያዙ።

ተኩሱ ሸለቆውን ሞልቶ ተመለሰ። ጅቡ በቆመበት ጎኑን ሰጥቶ ወደቀ። እግሩ አንድ ጊዜ ተንፈራገጠ፤ ከዚያ ቀረ።

ማዶ አይናዲስ ተኩሱን ሰምታ ከድንጋይ ኋላ ቁጭ ብላ ነበር። ወርደን ከቀጋው ጋ ስንደርስ ከድንጋዩ ኋላ ብቅ አለች። «ምን ሆናችሁ ነው መንደሩ ሁሉ የወጣችሁት?» ብላ ጠየቀች።  ወለተ ማርያም እያለቀሰች እየሳቀችም ነበር። እኔ እመቤቴን እያመሰገንኩ ነበር።

ልጄ ድልድዩን ልትረግጥ እግሯን ስታነሣ፣ አያ ገዳሙ ከሁላችንም ቀድመው ግንዱ ጫፍ ደረሱ። ጎንበስ ብለው ወዘወዙት።

«ቆይ፣ ልጄ» አሉ። «ይነቃነቃል።»

እና በጉልበታቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከው ግንዱን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት፤ እስክትሻገር።

በማግሥቱ አምሳ አለቃ ታቦቱን በጠመንጃቸው አጅበዋል። ጠመንጃው ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር፤ ሁለቱ ቀለበቶች ብቻ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልለው ደረቅ ሆነው ውለዋል። «ለምን ጠቀለልከው?» ላሏቸው «ገዳሙን ጠይቁት» ይሉ ነበር። ያቺ የቆዳ ቁራጭ ዛሬም እዚያው ናት። አያ ገዳሙ ከሸጎጡት ሁሉ ሳትወድቅ የቀረችው እሷ ብቻ ትመስለኛለች።

አያ ገዳሙ ከዚያ በኋላ ተለወጡ ማለት እወድ ነበር። አልተለወጡም። በዚያው ሳምንት የደብሩን የደወል ማንጠልጠያ ነቀነቁና ደወሉ ያለ ሰዓቱ ተደወለ፤ ምእመናን ነጠላቸውን እየለበሱ ሮጠው መጡ።

ቤቴ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። አንድ እግሩ የላላ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ገዳሙ ጠላ ሊቀምሱ ይመጣሉ። ከመቀመጣቸው በፊት ያን አግዳሚ ይወዘውዛሉ። «ይነቃነቃል» ይላሉ። «ምን ይደረግ አያ ገዳሙ፣ ጊዜ አጣሁ» እላለሁ። ከኪሳቸው አንድ ካርቶን ይሸጉጡበታል፤ ከዚያ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ሲወጡ ካርቶኑ ይወድቃል። ወለተ ማርያም አንሥታ ከምድጃው ጎን ታስቀምጠዋለች።

አይናዲስ አስተማሪ ሆና ጉንደ ወይን ተመድባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን ይዛ ልትጠይቀን ስትመጣ፣ እናቷ በሰው ፊት እንዳናፍር ብላ አናጢ ጠርታ አግዳሚውን አስጠገነችው። በረጅም ሚስማር ተመታ። ዓለት ሆነ።

እሑድ አያ ገዳሙ መጡ። ያዙት። ወዘወዙት። ጎንበስ ብለው እግሩን አዩ፤ እንደገና ያዙት። ከኪሳቸው ያወጡትን ካርቶን መልሰው ከተቱት። ተቀመጡ፤ ጠላውን ያዙ። ስለ ዝናብ ብጠይቃቸው «እህ» አሉ። አምሳ አለቃን ባነሣላቸው «ደኅና ነው» አሉ። ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። በር ላይ ወደ አግዳሚው አንድ ጊዜ ዞረው አዩ፤ የሞተ ዘመድ እንደሚሰናበት ሰው።

ከአጥሩ ሲወጡ ጠብቄ ጉጠት ፈለግሁ። ሚስማሩ በቀላሉ አልወጣልኝም። ወለተ ማርያም ከጓዳ ብቅ ብላ ምን እንደማደርግ አየች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። መጥታ አግዳሚውን በሌላው ጫፍ ያዘችልኝ።